ጨው፣ ምጣድና ያልፈረምኩት ወረቀት

ሰሞኑን «ሳይንቲስቶች ፀሐይን ጨው ውስጥ ማስቀመጥ ቻሉ» የሚል ቪዲዮ በየገጹ እየተዘዋወረ ነው። በውስጥ መስመር የላካችሁልኝ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ «መምህር፣ ይሄ ያኔ ላብ ውስጥ ስናቀልጠው የነበረው አይደል እንዴ?» ብላችኋል። አዎ፣ እሱው ነው። አዲስ ግኝትም አይደለም። ሌሎቻችሁ «ዳናኪልን የሚያህል የጨው ሜዳ ይዘን ለምን እኛ አንሠራውም?» ትላላችሁ። አንዷ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነው፦ «ያኔ ለምን እንዳልፈረሙልኝ አሁን በደንብ ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

ሦስቱንም ጥያቄ ባንድ ላይ ልመልስ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የሦስተኛዋን ጥያቄ ታሪክ የምጽፈው ባለቤቷ ስለፈቀደችልኝ ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ የምታውቋትም ኮሜንት ላይ አትጥቀሱብኝ።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው?

ጨው ሲባል የወጥ ጨው ብቻ አይምሰላችሁ። በኬሚስትሪ ቋንቋ ጨው ሰፊ ቤተሰብ ነው። የፀሐይን ሙቀት ለማከማቸት በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ድብልቅ በክብደት ከመቶ 60 እጁ ሶዲየም ናይትሬት፣ 40 እጁ ፖታሲየም ናይትሬት ነው። «ሶላር ሶልት» ይሉታል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም በማዳበሪያነት ያገለግላሉ። ሶዲየም ናይትሬት በቺሊ አታካማ በረሃ ከመሬት ይቆፈራል።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። መስታወቶች የፀሐይን ብርሃን ይሰበስባሉ፤ ሙቀቱ ወደ ቀለጠ ጨው ይገባል፤ የሞቀው ጨው ትልቅ ታንክ ውስጥ ይቀመጣል። ሲመሽ ጨው ይወጣና ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፤ ሙቀቱን የሰጠው ጨው ወደ ሁለተኛው ታንክ ይገባና ነገ እንደገና ይሞቃል። ጨው አይቃጠልም፣ አያልቅም። ሥራው መሞቅና መቀዝቀዝ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 1999 በካሊፎርኒያ በረሃ «ሶላር ቱ» የሚባል 10 ሜጋዋት የሙከራ ጣቢያ ይህ እንደሚሠራ አሳየ። ከዚያ በስፔን ግራናዳ አካባቢ «አንዳሶል 1» ተተከለ፤ 28,500 ቶን ጨው ይዞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለሰባት ሰዓት ተኩል 50 ሜጋዋት ማመንጨት እንዲችል ተደርጎ። በ2011 ደግሞ በሴቪያ አካባቢ የተሠራው «ጌማሶላር» ለ15 ሰዓት የሚበቃ ሙቀት ስለሚይዝ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ኤሌክትሪክ ሰጠ። በአፍሪካ ሞሮኮ ቀድማናለች፤ ዋርዛዛት ያሉት የኑር ጣቢያዎች የሚያከማቹት በዚሁ ጨው ነው።

ታዲያ ለምን ይቀላቅሉታል? እዚህ ላይ የድሮ ተማሪዎቼ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ።

ሶዲየም ናይትሬት ብቻውን በ307 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። ፖታሲየም ናይትሬት ብቻውን በ334 አካባቢ። ስትቀላቅሏቸው ግን 240 ዲግሪ ሳይደርሱ ሙሉ በሙሉ ቀልጠው ታገኟቸዋላችሁ። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው እጁን ያወጣል፦ «መምህር፣ አማካዩ እኮ ከ300 በታች መውረድ የለበትም!»

የጠዋት ሰልፍ አስታውሱ። ተማሪዎቹ ሁሉ ቁመታቸው እኩል ከሆነ ረድፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለመበተንም ጠንከር ያለ ግፊት ይፈልጋል። ትንንሹን ከትልልቁ ስታደባልቁት ግን ረድፉ ይዛነፋል፤ ትንሽ ገፋ ካደረጋችሁት ይበተናል። ጨው ሲጠጥር አዮኖቹ ሰልፍ ይይዛሉ። ሶዲየም ትንሽ ነው፣ ፖታሲየም ትልቅ። ባንድ ሰልፍ ሲቆሙ አይመቻቹም። ሰልፉ ተበትኖ ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ ግን፣ ማለትም ቀልጠው ፈሳሽ ሲሆኑ፣ የቁመት ልዩነት ማንንም አይከለክልም። ስለዚህ ድብልቁ ፈሳሽ መሆንን «ይመርጣል»፤ ለመርጋት ይበልጥ መቀዝቀዝ አለበት።

ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚቀልጠው ድብልቅ ግን 60 በ40 አይደለም። በክብደት 46 ሶዲየም፣ 54 ፖታሲየም አካባቢ ነው፤ እሱ በ222 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ታዲያ ለምን 60 በ40 ተመረጠ? አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው፤ ሶዲየሙ ይረክሳል። 28,500 ቶን ስትገዙ ጥቂት ዲግሪ ከፍሎ ብዙ ገንዘብ ማትረፍ ያዋጣል። ፈተና ላይ «ምርጡ ድብልቅ የቱ ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ለምን ዓላማ?» ብላችሁ መልሳችሁ ከጠየቃችሁ ሙሉ ማርክ እሰጥ የነበረው ለዚህ ነው።

የእኛ ላብ ይህን የሚለካ ዘመናዊ መሣሪያ አልነበረውም። ስለዚህ የድሮውን ዘዴ ተጠቀምን። ጨውን መጀመሪያ ምድጃ ውስጥ አሳድረን እናደርቀዋለን፤ ምክንያቱም ናይትሬት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ሳይደርቅ ከሞቀ ይንተከተካል፣ ይረጫል። ከዚያ በማይዝግ ብረት ጣሳ እናቀልጠዋለን፣ መሐሉ ላይ ቴርሞኮፕል እንተክላለን፣ ከምድጃው አውጥተን በየ30 ሰከንዱ ንባቡን ደብተር ላይ እንጽፋለን። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ 240 ሊደርስ ሲል ፍጥነቱ ይቀንሳል። 220 አካባቢ ጭራሽ ቆሞ ይቀራል። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ጣሳው ሙቀት እያጣ ነው፣ ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም። ጨው እየረጋ፣ ሲቀልጥ የዋጠውን ስውር ሙቀት እየመለሰ ስለሆነ ነው። በኪሎ 100 ኪሎጁል ገደማ ነው። ከረጋ በኋላም 110 አካባቢ ሌላ ትንሽ ማንገራገር አለ፤ ጠጣሩ ውስጡን እንደገና ሲያስተካክል። ይህን ሁሉ በእርሳስና በሚሊሜትር ወረቀት አገኘነው። አንድ ቀን ልኬቱ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ሁላችሁም «ኡ!» አላችሁ። ጨው ግን ምን ገዶት፤ ባትሪ በምትሠራዋ ማንበቢያ፣ በስልክ መብራት ጨረስነው። ከዚያ ቀን የተሻለ ስለ ማከማቻ ያስተማርኩበት ክፍለ ጊዜ አላስታውስም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ እንድረስ። የማንኛውም የሙቀት ጨው ዋጋ ያለው ክፍተቱ ላይ ነው፤ ከሚረጋበት እስከሚበላሽበት ያለው ርቀት ላይ።

ከታች በኩል፣ ጨው ቧንቧ ውስጥ ከረጋ መንገዱ ይዘጋል። እንደገና ስታቀልጡት ደግሞ ይሰፋል፤ መውጫ ካላገኘ ቧንቧውን ሊቀደው ይችላል። ለዚህ ነው ጣቢያዎቹ ቧንቧዎቻቸውን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጠምጥመው፣ ቀዝቃዛ የሚሉትን ታንክ እንኳ 290 ዲግሪ አካባቢ የሚያቆዩት። ከላይ በኩል፣ ናይትሬቱ በጣም ሲሞቅ ኦክስጅን እየለቀቀ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ 600 ካለፈ መበስበሱ ይብሳል፣ ብረትም መብላት ይጀምራል። ስለዚህ 565 ላይ ይቆማሉ።

አንዳሶል ይህን ክፍተት ሙሉውን አይጠቀምበትም። ፀሐዩን የሚቀበለው ዘይት ስለሆነና ዘይቱ 400 አካባቢ ስለሚበላሽ፣ ጨው ከ290 ወደ 390 ገደማ ብቻ ነው የሚሞቀው። ጌማሶላር ግን ጨውን ራሱን ማማ ላይ አውጥቶ ስለሚያሞቀው ከ290 እስከ 565 ይሄዳል። አንድ ኪሎ ጨው በአንድ ዲግሪ የሚይዘው 1.5 ኪሎጁል ገደማ ነው። ክፍተቱ መቶ ዲግሪ ሲሆን 150 ኪሎጁል፤ 275 ዲግሪ ሲሆን ከ400 በላይ። ያው ጨው፣ ያው ክብደት።

«ውኃ እኮ በአንድ ዲግሪ 4.2 ይይዛል፤ ለምን በውኃ አይሆንም?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ውኃን በ250 ዲግሪ ፈሳሽ አድርጋችሁ ለማቆየት 40 ከባቢ አየር ያህል ግፊት የሚችል ጋን ያስፈልጋችኋል። ጨው ግን በ565 ዲግሪም ያለ ግፊት፣ እንደ ወጥ ድስት ክዳን ብቻ ተደርጎለት ይቀመጣል። ትልቁ ጸባዩ ይኸው ነው። መጥፎ ጸባዩ ደግሞ ሙቀት ለማስተላለፍ ስስታም መሆኑ ነው፤ ከማይዝግ ብረት ጋር ስታነጻጽሩት ከሠላሳ እጅ አንዱ ያህል ነው። ሙቀት ለመውሰድ ብረት ብትነክሩበት፣ ብረቱ ዙሪያ ያለው ጨው ቀድሞ ይረጋና እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል።

እንግዲህ ዳናኪል።

አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለገለበት አገር ልጆች ስለሆንን «ጨው» ሲባል ልባችን ወደዚያ መሄዱ አይገርምም። ነገር ግን ዳሎል አካባቢ ያለው ክምችት ናይትሬት አይደለም፤ በአመዛኙ ክሎራይድ ነው። የወጥ ጨው፣ ፖታሽ የምንለው ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ከማግኒዥየም ጋር የተጣመረው ካርናላይትም አለ። የወጥ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ 770፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ 714 ገደማ። ሦስቱን በትክክለኛው መጠን ከደባለቃችኋቸው ግን፣ ያቺ የሰልፍ ነገር ትመጣና፣ 400 አካባቢና ከዚያ ዝቅ ብሎም የሚቀልጥ ድብልቅ ይገኛል። ከ700 በላይም ይችላል። ናይትሬት ከሚያቆምበት በላይ ለመሄድ የሚፈልጉ በአሜሪካ፣ በጀርመንና በቻይና ያሉ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉበት ለዚህ ነው።

ችግሩ ማግኒዥየም ክሎራይድ ውኃ ይወዳል። እርጥበት እንደያዘ ሲሞቅ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ብረቱን ይበላዋል። አድርቆ፣ አጥርቶ፣ አየር እንዳያገኘው አድርጎ መያዝ አፍሶ በግመል እንደመጫን አይደለም፤ ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ነው። ከፖታሻችን ፖታሲየም ናይትሬት ማውጣትስ? ይቻላል። ፖታሲየም ክሎራይድና ሶዲየም ናይትሬትን በሙቅ ውኃ አሟሙቶ እንዲለዋወጡ ማድረግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ባሩድ ሠሪዎች ያውቁት የነበረ ጥበብ ነው። ግን ሶዲየም ናይትሬቱን ከውጭ ማምጣት ሊኖርብን ነው። ባጭሩ «ጨው አለን» ማለት «ማከማቻ አለን» ማለት አይደለም።

ባሩድ ካልኩ ዘንድ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልሂድ።

የዚያን ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክት ሐሳብ ያመጣችው ተማሪዬ ናት፤ ትልቅ ሐሳብ ነበር። አብዛኛው የገጠር ቤት ማገዶ የሚያልቀው እንጀራ ላይ ነው። ምጣድ ከ200 ዲግሪ ገደማ በላይ አይፈልግም። ጨው ደግሞ 220 ላይ ሲረጋ ያንን ሙቀት ሳይዋዥቅ ይሰጣል። ልክ ለምጣድ የተፈጠረ ነው የሚመስለው! ከባዶም አልተነሣችም፤ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በፀሐይ ሙቀት እንጀራ መጋገር እንደሚቻል፣ ይህንኑ የናይትሬት ድብልቅ ማከማቻ አድርገው ሠርተዋል፤ ጽሑፎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ታትመዋል። የእሷ ሐሳብ ሙቀቱን በጣሪያ ላይ ፓነል ማምጣት ነበር። ፓነሉ ቀኑን ሙሉ ጨው ውስጥ ያለ ማሞቂያ ሽቦ ያግላል፤ ከጨው ሳጥኑ በላይ ምጣድ ይቀመጣል፤ ማታ ወይ ንጋት ላይ ይጋገራል።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ለአንድ ቤት የአንድ ጊዜ ጋገራ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት እንበል። ጨው ከ250 ወደ 210 ሲወርድ፣ ስውር ሙቀቱን ጨምሮ፣ በኪሎ 160 ኪሎጁል ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 90 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል። ሲቀልጥ 47 ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ሁለት ጀሪካን፣ 250 ዲግሪ የሞቀ ፈሳሽ፣ ከምጣድ ሥር።

አነስ ያለ ሞዴል ሠርተን ግቢ ውስጥ ሞከርነው። የካፌዋን እትዬ ለመንናትና መጥታ ጋገረችልን። የመጀመሪያው ተጣበቀ፣ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ግን ዓይን አወጣ! የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ያለ ወጥ ነው የጨረስነው። እትዬ በመሐል ጠየቀች፦ «ከሥሩ ያለው ምንድን ነው?»

«ጨው ነው» አልናት።

«ጨውማ ከሆነ ምን ያስፈራል!» ብላ ሳቀች። ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሰችና ማሰሻውን፣ ቅባት የጠጣውን ጨርቅ፣ የጨው ሳጥኑ ክዳን ላይ ጣል አደረገችው። ሁሌም ምድጃዋ ዳር እንደምታደርገው።

ምንም አልተፈጠረም፤ ክዳኑ የጠበቀ ነበር። ነገር ግን እኔ ከዚያ በኋላ እንጀራው አልታየኝም።

ፖታሲየም ናይትሬት ማለት ከባሩድ ውስጥ ከመቶ 75 እጁ ነው። የቀረው ከሰልና ድኝ ነው። ናይትሬት ራሱ አይቃጠልም፤ ለሚቃጠል ነገር ግን ኦክስጅን እየቀለበ ያነድደዋል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ውስጥ ጨው ዙሪያ ከሰል የለም፣ ጨርቅ የለም፣ የሚፈስ ሊጥ የለም፣ ልጅ የለም። የእኛ ማድቤት ውስጥስ? ጥግ ላይ የከሰል ጆንያ አለ። የጎመን ዘር አለ። የውኃ እንስራ አለ። አንድ ሊትር ውኃ በድንገት ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል፤ 250 ዲግሪ የሞቀ ጨው ውስጥ ገብቶ ይህን ቢያደርግ ጨውን ፊት ላይ ነው የሚረጨው። ብየዳውስ ቢቀደድ? መሐንዲሶች ያቆሟቸው ታንኮችም ቀድደዋል፤ ኔቫዳ ያለው «ክረሰንት ዲዩንስ» እ.ኤ.አ. በ2016 የሙቅ ታንኩ አፍስሶ ለወራት ቆሟል፤ በሞሮኮ «ኑር 3» ላይም በ2024 ተመሳሳይ ደርሷል። እኛ ሳጥኑን የበየድነው ሰፈር ውስጥ ነው።

እሷ መሣሪያውን ወላጆቿ ቤት አስገብታ ለሦስት ወር ልትሞክረው ነበር ያሰበችው። የመስክ ሙከራው ቅጽ ላይ የአማካሪ ፊርማ ይፈልግ ነበር። አልፈርምም አልኩ።

ያለችኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «መምህር፣ እናቴ ከጭሱ የተነሣ ዓይኗ ሁሌ እንዳለቀሰ ነው። ሌሊት ሌሊት ታስላለች። እርስዎ የሚፈሩት አንድ ቀን ሊደርስ የሚችለውን ነው። እኔ የማወራው በየቀኑ ስለሚደርሰው ነው።»

ይህን ቀላል አድርጌ ማለፍ አልችልም። ጭስ ይገድላል፤ ግን ቀስ ብሎ ስለሚገድል ቅጽ የለውም፣ ፊርማም አይጠየቅበትም። አንድ መሣሪያ ቢያቃጥል ግን ስም ይፈለግለታል። «ለራስዎ ፈርተው ነው» ብላ አስባ ከሆነ አልፈርድባትም።

የእኔ ምክንያት ግን ይኸው ነው። እናቷ ጭሱን ታውቀዋለች። መስኮት ትከፍታለች፣ ደረቅ እንጨት ትመርጣለች፣ ልጆቹን ታስወጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከእሳት ጋር ስትደራደር ኖራለች። ከናይትሬት ጋር ግን አትደራደርም፤ ምክንያቱም የነገርናት «ጨው» ብለን ነው። በአማርኛ ከዚህ የበለጠ የሚታመን ቃል የለም። ጨዋ የሚለውን ቃል ስሰማ እንኳ ጆሮዬ ጨውን ያስታውሰዋል። ማሰሻውን ክዳኑ ላይ ጣል ያደረገችው እትዬ ግድየለሽ አይደለችም፤ ሠላሳ ዓመት የጋገረች ብልህ ሴት ናት። ቃሉ ነው ያዘናጋት። አደጋውን ሊያውቀው የማይችል ሰው ቤት ውስጥ አደጋ ማስገባት ለእኔ ሙከራ አይደለም። ዛሬም ያን ወረቀት ብታመጡልኝ አልፈርምም።

ያን ቀን ሌላ መንገድ አሳይቻት ነበር፤ ለሁላችሁም ይጠቅማል ብዬ ልድገመው። ተራ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ አንድ ኪሎው በአንድ ዲግሪ 0.9 ኪሎጁል ገደማ ይይዛል። ከ400 ወደ 220 ሲወርድ በኪሎ 160 ኪሎጁል ያህል ይሰጣል። አስተዋላችሁ? ያው የጨው ቁጥር ነው። ያው 90 ኪሎ። ድንጋይ አይቀልጥም፣ አይፈስም፣ ከሰል አያነድድም። እርግጥ ነው ሙቀቱ እንደ ጨው ባንድ ቦታ ጸንቶ አይቆምም፤ 400 ዲግሪም ቀልድ አይደለም፣ በደንብ መሸፈን አለበት። ግን ቢሰነጠቅ የሚሆነው የተሰነጠቀ ድንጋይ ብቻ ነው።

መልሷ ምን ነበር መሰላችሁ? «መምህር፣ በድንጋይ ማን ያስመርቀኛል?»

እውነቷን ነው። በጊዜው ክፍሉ «አዲስነቱ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ይመልሰው ነበር። ከውጭ መጽሔት የመጣ ስም ያለው ቁስ ካልሆነ ምርምር አይመስልም። እሷ ሥራዋን በስሌት ብቻ አጠናቅቃ ተመረቀች፤ ሞዴሉ ከመጋዘን ወጥቶ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ለተወሰኑ ዓመታትም አልተነጋገርንም። ይህ ዋጋ ተከፍሎበታል፤ የከፈለችው ደግሞ በአብዛኛው እሷ ናት።

ታዲያ ጨው ለእኛ አይሆንም ማለቴ ነው? አይደለም። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ ግድብ ራሱ ማከማቻ ነው፣ ውኃውን ለማታ ያቆይላችኋል። እንደ ሞሮኮ ጨው አሙቆ ተርባይን ማዞር ለእኛ የመጀመሪያው አጣዳፊ ነገር አይመስለኝም። ሙቀት ሙቀት ሆኖ የሚፈለግበት ቦታ ግን ሞልቷል። በቀን ሺዎች እንጀራ የሚጋግሩ የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤቶች አሉ። ሆስፒታል አለ፣ ማረሚያ ቤት አለ። እዚያ ጨው ከማድቤቱ ውጭ፣ በታጠረ ቤት፣ ቢያፈስ የሚይዘው የኮንክሪት ገንዳ ከሥሩ ተሠርቶለት መቀመጥ ይችላል። ሙቀቱን ብቻ በአየር ወይም በእንፋሎት ወደ ምጣዱ ማድረስ ይቻላል። የሠለጠነ ጠባቂ ይኖረዋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ዛሬውኑ እፈርማለሁ፣ ጡረታ ብወጣም።

በዚህ ርዕስ ላይ ልትሠሩ ያሰባችሁ ወጣቶች ቪዲዮውን ብቻ አይታችሁ አትነሡ። አንድ ድብልቅ ስታገኙ እነዚህን ጠይቁ፦

1. የት ይረጋል? ቧንቧው ውስጥ ቢረጋስ ማን ያቀልጠዋል?
2. የት ይበሰብሳል? ከዚያ በፊት የሚያስቆመው ምንድን ነው?
3. አጠገቡ ምን አለ? ማንስ አለ?

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መልስ መጽሐፍ ላይ ታገኛላችሁ። ሦስተኛውን ለማግኘት ማድቤት ገብታችሁ መቀመጥ፣ ጋጋሪዋ እጇን የት እንደምታሳርፍ ማየት አለባችሁ።

ለጠየቅሽኝ ልጄ፦ መልሴ ይኸው ነው። ላያረካሽ ይችላል። እናትሽን ሰላም በይልኝ፤ ዓይናቸው እንዴት እንደሆነም ጻፊልኝ። የድንጋዩን ነገር አሁንም የምትፈልጊው ከሆነ ሒሳቡ እኔ ዘንድ አለ፤ አስመራቂ ኮሚቴ ደግሞ አሁን አያስፈልግሽም።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ቸር ሰንብቱ።